ፖሙ ውሃ አወጣ፣ አጃውም ለሰለሰ

ጥያቄ፦ ለጾም ፖም በአጃ ጋገርኩ። ስኳሩን በማር ተክቼ ከአጃው ጋር ለወስኩት። ከታች ውሃ ቋጠረ፣ ከላይም አልደረቀም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ማሩን ያስገቡበት ቦታ ነው። ማር እርጥበት ስለሚስብ አጃውን ያለሰልሰዋል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር ከፍሬው ጋር ብቻ ያድርጉ። ጠንከርና ኮምጠጥ ያለ 1 ኪሎ ፖም ልጠው በ2 ሳንቲ ሜትር ይክተፉ (ከመጠን በላይ የበሰለ ፖም ሲጋገር ይፈርሳል)። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ትንሽ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይጨምሩ። ስታርቹ ጭማቂውን የሚያወፍረው ሲፈላ ነው፤ ጠርዙ ሳይንተከተክ ካወጡት ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ለላዩ 1 ተኩል ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሲሶ ኩባያ ዘይት አሽተው ሳይጫኑ ይበትኑ። በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ፣ ያለ ክዳን! እንፋሎት ከታፈነ አጃው አይደርቅም። ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ ይረፍ።

ተልባ ከወደዱ ቆልተው ይፍጩት፤ ሙሉው ፍሬ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል። የአጃው አሰር ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ያግዛል። ማር ግን ያው ስኳር ነው፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማሩንም የላዩን ስኳርም ይተወው፤ ፖሙ በራሱ ይጣፍጣል።