ሮቶ፣ ሐይቅና የደሴ ባቄላ፦ ስለ ፈሳሾች የጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። ዛሬ ስለ ግፊትና ስለ መንሳፈፍ የጠየቃችሁትን እመልሳለሁ።

ከደሴ፦ ጣሪያ ላይ 500 ሊትር ሮቶ አለን። ሻወሩ ግን ይንጠባጠባል። ባለ 2,000 ሊትር ብንገዛ ግፊቱ ይጨምራል?

አይጨምርም፤ ገንዘብህን አታውጣ። ግፊቱን የሚወስነው የውሃው ከፍታ እንጂ ብዛቱ አይደለም። ሮቶው ውስጥ ካለው ውሃ አናት እስከ ሻወሩ ድረስ ያለውን ቁመት ለካው። እያንዳንዱ ሜትር 10 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይሰጥሃል። 2 ሜትር ብቻ ከሆነ ደካማ መሆኑ አይገርምም። ትልቅ ሮቶ የሚጠቅምህ ውሃ ሲጠፋ ነው። ለግፊት ከሆነ ማማውን ከፍ አድርገው፣ ወይም ፓምፕ አስገጥም። ከሁሉ በፊት ግን የሻወሩን ወንፊት ፈትተህ እየው። ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ከሐይቅ ከተማ፦ ሐይቁ ውስጥ ስጠልቅ ጆሮዬን ያመኛል። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ነው?

ስፋቱ ለውጥ አያመጣም። የሐይቅ ከተማው ሐይቅም ግባ አርዲቦ ሐይቅ፣ 3 ሜትር ከወረድክ የሚጨመርብህ ግፊት ያው 30 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከጆሮህ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ግን ላይ እንደነበረው ነው። ስለዚህ ውሃው ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሕመሙ ሳይጀምር አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ አየር ግፋ። አልከፈት ካለህ ተመለስ። ጉንፋን ይዞህ ደግሞ በፍጹም አትጥለቅ፤ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል።

ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ፦ ሚስማር እየሰመጠ የብረት መርከብ እንዴት ይንሳፈፋል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው! መልሱን ከ2,200 ዓመት በፊት አርኪሜዲስ ሰጥቶናል። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ቦታ ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል። በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ ድፍን ብረት የሚይዘው ቦታ 130 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሚያስለቅቀው ውሃ 130 ግራም ብቻ ስለሆነ ይሰምጣል። ያንኑ ብረት ቀጥቅጠሽ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ብታደርጊው ግን 1 ሊትር ውሃ ማስለቀቅ ይችላል። ያ ደግሞ 1 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል።

እሷው፦ የብረቱ ዴንሲቲ (በአንድ ሊትር ቦታ ያለው ክብደት) ግን አልተቀየረም አይደል?

ጎበዝ! የብረቱ አልተቀየረም። የሚቆጠረው ግን ብረቱና ሳህኑ ውስጥ ያለው አየር አንድ ላይ ነው። የሁለቱ ድምር ዴንሲቲ ከውሃ አነሰ። ለዚህ ነው መርከብ ተሸንቁሮ አየሩ በውሃ ሲተካ የሚሰምጠው።

ከደሴ፣ እናት፦ ባቄላ እዚህ አልበስል ይላል። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ግን ቶሎ ይበስላል። እሳት ልጨምር?

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። አየርም ክብደት አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ከላይ የሚጫናት አየር ይቀንሳል። ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻ ላይ 94 ይደርሳል። እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላውን ማታ ይዘፍዝፉት። ፕሬዠር ኩከር ካለዎት ደግሞ እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ይበልጣል። ብቻ አደራ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን አይንኩት።

ከወልድያ፦ የቆየ እንቁላል ለምን ይንሳፈፋል?

ቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሲቆይ ውስጡ ያለው እርጥበት ይተናል፤ በቦታው አየር ይገባል። መጠኑ ሳይለወጥ ክብደቱ ይቀንሳል። ስትሞክሪው ውሃው ጨው እንዳይኖረው፤ ብዙ ጨው ካለው ትኩሱም ይንሳፈፋል።