በሬታህን እንደ አዲስ አታድርገው

ወንድሜ፣ «የገዛሁት በሬታ 1934 የተባለ የጣሊያን ሽጉጥ ቀለሙ ለቋል፣ ዝገትም ነካክቶታል። ገፍፌ እንደ አዲስ ላጥቁረው?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚህ አሜሪካ አሮጌ ሽጉጥ ማጽዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዝገቱን አስቁም፣ ቀለሙን ተወው ነው የምልህ።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጣ። ካዝናው ወጣ ማለት ግን ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበህ፣ ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።

ከዚያ በግራ ጎኑ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። 1937 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካለ አጠገቡ ብዙ ጊዜ በሮማውያን ቁጥር 15 ታገኛለህ፤ የፋሺስቱ ዘመን 15ኛ ዓመት ማለት ነው። ሙሶሊኒ ዘመኑን ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ነበር የሚያስቆጥረው። ዘውድና «አር ኢ» ካለበት ደግሞ የንጉሣዊው የጣሊያን ጦር መሣሪያ ነበር። የ1937ቱ ማይጨው አልደረሰም፤ በኋላ ጣሊያን አርበኞቻችንን አሳዶበት እንደሆነ ማን ያውቃል! ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእነዚህ ምልክቶችና ለጥንቱ ቀለም ነው። በሚሽከረከር መሳያና በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ብዙ አይቻለሁ። ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ስል የነበረው ጠርዝ ይዶለዱማል፣ የብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ይጎደጉዳል። የመለያ ቁጥሩ ከጠፋማ ከሕግ ጋር ትጣላለህ።

ለቀላል ዝገት ቀጭን ዘይት ቀብተህ አሳድረው፤ በማግስቱ በጣም ደቃቅ በሆነ የብረት ሱፍ በቀስታ እሸው። ዝገቱ ከበዛ ፈታተህ፣ ፕላስቲክ ያለበትን የእጀታ ሽፋን ለይተህ፣ ብረቱን በተጣራ ውሃ ቀቅለው። ቀዩ ዝገት ይጠቁራል። የሚራገፈውን በለስላሳ የብረት ሱፍ አንሳ፣ በደንብ አድርቅ፣ ዘይት ቀባ። ያ ጥቁር ነገር ከጥንቱ ብሉዊንግ (ብረቱ ከፋብሪካ ከጠቆረበት ቀለም) ጋር አንድ ዘር ነው፤ ብሉዊንግም ቢሆን በላዩ የተቀባ ሳይሆን የብረቱ ገጽ ራሱ የተለወጠ ነው።

በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ለአንዲት ጭረት ቢሆን እሺ። ሙሉ ሽጉጥ ላይ ዥጉርጉር ይሆናል፣ ቶሎም ይለቃል። ትኩሱ ዘዴ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አፍልቶ ነው፤ ወጥ ቤትህ ውስጥ እንዳታስበው። ሌላ ሰው ቀድሞ ያበላሸው ከሆነ ብቻ ለባለሙያ ስጠው። ስትሸጠውም እንደ አዲስ የጠቆረ መሆኑን ተናገር።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግን የምልክቶቹን ጥርት ያለ ፎቶ እዚህ ለጥፍልን፤ አብረን እናንብበው።