ቢጫው ክርና ነጭ ፍሬ የተሸከመው አባጨጓሬ

ጠያቂያችን ሁለት ነገር አይተዋል፦ በአጥሩ ቁጥቋጦ ላይ የተጠመጠመ፣ ቅጠልም ሥርም የማይታይበት ቢጫ ክር መሰል ተክል፣ እንዲሁም በቲማቲሙ መደብ ላይ ጀርባው የሩዝ ፍሬ በሚመስሉ ነጭ ነገሮች የተሸፈነ ትልቅ አባጨጓሬ። ሁለቱንም ነቅለው ያቃጥሉ እንደሆነም ጠይቀዋል። ሁለቱም በእኔ ግቢ ደርሰው ስለነበርና በሁለቱም ስለተሳሳትኩ፣ መልሴ ለመጀመሪያው ይፍጠኑ፣ ሁለተኛውን ግን አይንኩት የሚል ነው።

ቢጫው ክር ኩስኩታ የተባለው ጥገኛ ተክል ሳይሆን አይቀርም። ዘሩ የሚበቅለው እንደማንኛውም ዘር ከአፈር ነው፤ ሆኖም ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠመጠምበት ተክል ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ደግሞ ጥቃቅን መምጠጫዎቹን ግንዱ ውስጥ ይሰካና ከአፈሩ ጋር ያያያዘው ሥር ይደርቃል፤ ሥሩን ፈልገው ያጡት ለዚህ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቡቃያው ወደ ቲማቲም የሚያዘነብለው ሽታውን ተከትሎ መሆኑን አሳይቷል። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ክሩን በእጄ እየፈታሁ አጠገቡ መጣል ነበር፤ ግንዱ ውስጥ የቀሩት መምጠጫዎች እንደገና አቆጠቆጡ፣ የጣልኳቸው ቁርጥራጮችም ጎረቤታቸው ያለውን ተክል ያዙ። ስለዚህ የተያዘውን ቅርንጫፍ ክሩ ከሚጀምርበት ዝቅ ብለው ከነክሩ ይቁረጡና ያቃጥሉት። ይህንንም ዘር ሳይቋጥር ያድርጉ፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና።

አባጨጓሬው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ነጮቹን ፍሬዎች ብዙ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ የአባጨጓሬው እንቁላል ያደርጋቸዋል፤ አባጨጓሬ ግን ገና ያልጎለመሰ እጭ ስለሆነ እንቁላል አይጥልም። እነዚህ የጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች የሐር ሽፋኖች ናቸው። እናቲቱ ተርብ እንቁላሏን አባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፣ እጮቹ ውስጡን እየተመገቡ ያድጋሉ፣ ከዚያም ቆዳውን በስተው ወጥተው እላዩ ላይ ሽፋናቸውን ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አባጨጓሬዎች ጨፍልቄ ነበር። ሦስተኛውን ከነቅጠሉ በብርጭቆ ዕቃ አድርጌ በስስ ጨርቅ ሸፈንኩትና በየጠዋቱ አየሁት፤ ከነካሁት ራሱን ያነሳል እንጂ ቅጠሉን አልቀመሰም። ከቀናት በኋላ የየሽፋኑ ጫፍ በክብ ተቆርጦ እንደ ድስት ክዳን ተከፍቶ፣ ከጉንዳን የሚያንሱ ጥቁር ተርቦች ጨርቁ ላይ ሲርመሰመሱ አገኘኋቸው። ሰውን አይነድፉም፤ ወደ መደቡ ለቀቅኳቸው። ለነገሩ አባጨጓሬው ከዚህ በኋላ ስለማይድን ቲማቲሙን ይበላብኛል ብለው አይስጉ፤ ባለበት ይተዉት።

አንድ ነገር ግን ከፎቶዎ መለየት አልቻልኩም። ካሲታ የተባለ ሌላ ጥገኛ ተክል ከኩስኩታ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ እሱ ጠንከርና አረንጓዴ ወደመሆን ያለ፣ ፍሬውም ድቡልቡልና ሥጋማ ሲሆን፣ የኩስኩታ ፍሬ ግን ትንሽና ደረቅ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት የአበባውን ወይም የፍሬውን ፎቶ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በቅርበት ያንሱና የቁጥቋጦውን ስም ጨምረው ይላኩልን።