«ጥድ» ብሎ የጻፈ ወረቀት ስትቀበሉ

ልጆቼ፣

በሰንጋ ተራና በሜክሲኮ ሕንፃዎች በር የምታስገጥሙ መሐንዲሶች፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ጠረጴዛና መደርደሪያ የምትገዙ የግዢ ሠራተኞች፣ በፒያሳና በመርካቶ ጠባብ ክፍል ተከራይታችሁ መጋዝና መላጊያ የያዛችሁ አናጢዎች፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። እንጨት ከሕጋዊ ምንጭ መምጣቱን ማረጋገጥ የደን ባለሙያና የኬላ ጠባቂ ሥራ ብቻ ይመስላል። ኬላ ላይ ያለው ሰው ግን ጭነቱን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ፣ ሸራ ለብሶ፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ ነው። እናንተ አውርዳችሁ ትቆጥሩታላችሁ፣ ትቆርጡታላችሁ፣ ትልጉታላችሁ። ከእናንተ የበለጠ እንጨቱን የሚያውቀው የለም።

ሥራው ከሚፈራው ይቀላል። ወረቀቱ የሚለውንና እንጨቱ የሚለውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ የዛፉን ስም፣ የተቆረጠበትን ቦታ፣ መጠኑንና ቀኑን። አራቱ ከተስማሙ ግዙ። አንዱ ከተጣላ ሳታወርዱ ጠይቁ።

ስለ ደረሰኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝና የሻጩ ንግድ ፈቃድ ግብር መከፈሉንና ሱቁ የተመዘገበ መሆኑን ይናገራሉ። ዛፉ የት ቆሞ እንደነበረ፣ ማን እንዲቆረጥ እንደፈቀደ አይነግሯችሁም። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ከምርቱ አካባቢ የተሰጠው የማጓጓዣ ፈቃድ ወይም መሸኛ ነው። ከደን ድርጅት የተገዛ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱ የሽያጭና የመውጫ ሰነድ አብሮ ይቅረብ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። አንብቡት፤ ረጅም አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ። «ጥድ» በእኛ ቋንቋ የሁለት ዛፍ ስም ነው። የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ የደጋ ደኖቻችን አገር በቀል ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ፣ ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ መጥቶ እዚህ በተከላ የሚለማ ነው። የመጀመሪያው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከተከለከሉት አራት ዛፎች አንዱ ነበር። ሁለተኛው ለሽያጭ ተብሎ የሚተከል ነው። ወረቀቱ ላይ «ጥድ» ብቻ ከተጻፈ ግን ሁለቱም በዚያው ቃል ሥር ያልፋሉ። ስለዚህ ስሙ ሙሉ ሆኖ፣ ከተቻለም ከነሳይንሳዊ ስሙ እስኪጻፍ ድረስ ወረቀቱን ያልተሟላ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

በእጃችሁ ስትይዙት ሁለቱ ይለያያሉ። የሐበሻ ጥድ ውስጠኛው ክፍል ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ጠርዝ ግን ነጭ ስለሆነ የሁለቱ ድንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዴ በመላጊያ ብትልጉት እንደ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ በእርግጥም በቀድሞ ዘመን ለእርሳስ መሥሪያ የሚፈለግ እንጨት ነበር። የፈረንጅ ጥድ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫና ሮዝ የሚያደላ፣ ጉጥ የሚበዛበት፣ ሽታውም ለስለስ ያለ ነው። ዝግባ ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ሽታ የለሽ ነው ማለት ይቻላል። ሦስቱም አንድ ነገር ይጋራሉ፦ የጣውላውን ጫፍ በስለታም ምላጭ ስሱ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ፣ በውኃ ነካ አድርጋችሁ፣ ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ሌንስ ብታዩት ቀዳዳ የለውም። ዋንዛ ግን ትልልቅ ቀዳዳዎች በባዶ ዓይንም ይታዩበታል፤ ወርቃማ ቡናማ ነው፣ ለጥንካሬውም ቀላል ነው። ባህር ዛፍ ከባድ ነው፤ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተነጣጥለው ሰያፍ መስመር ይሠራሉ። ሌንሱ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ከሜትራችሁ ጋር ያዙት።

ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ግን በዓይናችሁ አትተማመኑ። «ማሆጋኒ» በብዙ ሱቅ የቫርኒሽ ቀለም ስም እንጂ የዛፍ ስም አይደለም። ሁልጊዜ ያልተቀባውን የውስጥ ጠርዝ ወይም የመሳቢያውን ጀርባ ፈልጋችሁ እዩ።

አንድ ነገር በጥብቅ ያዙልኝ፦ ዓይነቱን ማወቅ ምንጩን ማወቅ አይደለም። ዋንዛ ስላያችሁ ብቻ ሕገ ወጥ ነው አትበሉ። ገበሬው በጓሮውና በቡናው ጥላ ሥር ያሳደገው ዋንዛ አለ፤ እሱን መሸጥ የቤተሰብ ገቢ ነው፣ የምትከለክሉትም ከሆነ ሁለተኛ ዋንዛ አይተክልም። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወረዳና ቀበሌ እንደነበረ፣ ስንት ዛፍ እንደሆነ የአካባቢው የደን ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት ጽፎ ማኅተም አድርጎ ይሰጣል። ቀረሮ ሲቀርብላችሁ ግን ጥያቄያችሁን አብዙ፤ የተፈጥሮ ደን ዛፍ ስለሆነ ከእርሻ ጓሮ መጣ የሚለውን ታሪክ ማመን ይከብዳል።

አጠና ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ባህር ዛፍ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የዚህችን ከተማ ምድጃና ማገር የተሸከመ ተከላ ነው፤ ለመወጣጫ የሚመጣው አጠና ከገበሬ ተከላ መሆኑ በአብዛኛው አያጠራጥርም። ወረቀቱን አይታችሁ፣ ቆጥራችሁ እለፉ። ጉልበታችሁን ለበር፣ ለመስኮትና ለወለል በሚሆነው ውድ ጣውላ ላይ አውሉት።

መጠን ላይ ደግሞ ሒሳብ ይሠራል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ውሸትን የሚያጋልጠው ይህ ነው። 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 0.02 ሜትር ኩብ ነው። 50ው አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል፤ 200 ጣውላ 4 ሜትር ኩብ ነው። ግንድ ሲሰነጠቅ ቅርፊቱ፣ የጎን ሽርፍራፊውና ሰጋቱራው ስለሚወጣ ጣውላ የሚሆነው በመካከለኛ መሰንጠቂያ ግማሽ ያህሉ ነው፤ ጫካ ውስጥ በሞተር መጋዝ ከተሰነጠቀ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለ4 ሜትር ኩብ ጣውላ 8 ሜትር ኩብ ያህል ግንድ ተቆርጧል። የግንዱን መጠን ለማግኘት መሐል ላይ ያለውን ዲያሜትር በራሱ አባዙ፣ በ0.7854 አባዙ፣ ከዚያ በርዝመቱ። መሐሉ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንዲላ 0.28 ሜትር ኩብ ይሆናል። 8 ሜትር ኩብ ማለት 28 እንዲህ ያለ ግንዲላ ነው፤ ከአንድ ዛፍ ሁለት ቢወጣ 14 ዛፍ። መሸኛው «5 ዛፍ» የሚል ከሆነና መኪናው ላይ 200 ጣውላ ካለ፣ ወይ ዛፎቹ እጅግ ግዙፍ ነበሩ፣ ወይ ትርፉ ከሌላ ቦታ መጥቷል። ጣውላው ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ግዙፍ ዛፍ ነው ከተባላችሁ የግንዱን የዕድገት ቀለበት ጠማማነት ጫፉ ላይ እዩ፤ ከቀጭን ግንድ የወጣ ጣውላ ቀለበቱ በጣም የተጎበጠ ነው፣ ከትልቅ ግንድ ዳር የወጣው ግን ወደ ቀጥታ የቀረበ ነው።

ክምሩን በውጭ ልኬት አትገምቱ፤ በጣውላዎቹ መካከል አየር አለ። ከኋላ ቆማችሁ ጫፎቹን በየረድፉ ቁጠሩ። ስታወርዱም ናሙና ከላይ ብቻ አትውሰዱ፤ ከላይ የፈረንጅ ጥድ ደርድሮ ከሥር ሌላ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታችኛው ረድፍ በድምሩ 10 ጣውላ አውጥታችሁ የሁሉንም ጫፍ እዩ።

የመጋዙ ጠባሳም ይናገራል። ያልተላገ ጣውላ ፊቱ ላይ ጥቃቅን፣ ቀጥ ያሉና ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው መስመሮች ካሉት የባንድ መጋዝ ሥራ ነው። ቅስት መስመሮች ካሉት የክብ መጋዝ ነው። ሸካራ፣ ውፍረቱም ከጫፍ ጫፍ የሚለዋወጥ ከሆነ የሞተር መጋዝ ነው። ሰነዱ «ከመሰንጠቂያ ፋብሪካ» እያለ ጣውላው በሞተር መጋዝ ከተሰነጠቀ፣ ወረቀቱ የሌላ እንጨት ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ይህ ወደ ዋናው ማጭበርበሪያ ያመጣናል፤ አንድን እውነተኛ ወረቀት ደጋግሞ መጠቀም። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ፊርማውም እውነተኛ ነው፤ ጭነቱ ግን ሦስተኛው ነው። ፎቶ ኮፒ ይዞ የሚመጣ ሁሉ አታላይ ባይሆንም ዋናውን ሳታዩ አትቀበሉ። የሰሌዳ ቁጥሩን ከመኪናው ሰሌዳ ጋር አስተያዩ። የወጣበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ኬላዎች የመቱት ማኅተምና ቀን ከመንገዱ ጋር ይሄድ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከጅማ የመጣ ጭነት በደብረ ብርሃን መንገድ ያለ ኬላ ማኅተም ይዞ ከቀረበ መልስ ይፈልጋል። ተቀብላችሁ ስትጨርሱ በዋናው ላይ «ተራግፏል» ብላችሁ ቀን፣ ብዛትና ፊርማ ጻፉበት። ይህች አንዲት መስመር ወረቀቱን ለሁለተኛ ጉዞ የማይመች ታደርገዋለች። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ሰጪውን ጽሕፈት ቤት በስልክ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ግን ከሻጩ ወይም ከወረቀቱ ላይ አትውሰዱ፣ በራሳችሁ መንገድ ፈልጉት። ሻጩንም በሌብነት አትክሰሱት፤ በመርካቶ ያለው ደላላና ባለ መደብር ብዙ ጊዜ ከሦስተኛና ከአራተኛ እጅ ስለሚገዛ ራሱም አያውቅም። «ዋናውን አምጣልኝ፣ እስከዚያ አላወርድም» ማለት ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ጥሩ ጥሩ የዋንዛ፣ የጥድና የዝግባ ወራጅ፣ በርና ወለል ወጥቷል። ይህን እንጨት መልሶ መጠቀም እጅግ የሚደገፍ ነው። ችግሩ «ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው» የሚለው ቃል አዲስ ለተቆረጠ እንጨትም መሸፈኛ መሆኑ ነው። አሮጌ እንጨት ምልክት አለው፦ የምስማር ቀዳዳ በዙሪያው በዝገት የጠቆረ፣ ተደራርቦ የተቀባ ቀለም፣ የመጋጠሚያ ጥርስ፣ በአንድ ፊቱ ላይ የጥላሸት ወይም የጭቃ ምርግ ቅሪት። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ጣውላውን ቆርጣችሁ መሐሉን ለኩ፤ ለብዙ ዓመት ጣሪያ ሥር የኖረ እንጨት አዲስ አበባ ላይ በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 በመቶ ያሳያል። መሐሉ 30 በመቶ ከሆነ በቅርብ የተቆረጠ ነው። ውጭውን ብቻ አትለኩ፤ ዝናብ ያገኘው አሮጌ እንጨትም ላዩ ይረጥባል። ከሻጩም የፈረሰውን ቤት ቦታና ያፈረሰውን ሰው ወይም ድርጅት በጽሑፍ ያዙ።

ከውጭ የሚገባው ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ሌላ ጣጣ አለው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚጻፈው አገር ዕቃው የተመረተበት ነው፤ ዛፉ የተቆረጠበት ላይሆን ይችላል። ቻይና የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ፊቱ ኦኩሜ ከተባለ የመካከለኛው አፍሪካ ዛፍ፣ ሆዱ ከሌላ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ኦኩሜ በብዛት የሚበቅልባት ጋቦን ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ስለዚህ የኦኩሜ ፊት ያለው ሰሌዳ ሲቀርብላችሁ የፊቱና የሆዱ ዛፍ ስምና የተቆረጡበት አገር በየራሱ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሮዝውድ የተባለ ነገር ከመጣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረውን፣ ሳይትስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አስቡ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት፣ ሮዝውድ የሚገኝባቸው የዳልበርጂያ ዝርያዎችም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሙሉ በቁጥጥር ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የኛው ጥቁር እንጨትም፣ ፕሩነስ አፍሪካና፣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው።

ሁለት ማኅተሞችን አታምታቱ። ፓሌት ላይ የስንዴ ዘለላ ሥዕልና «ኤችቲ» (HT) የሚል ምልክት ታያላችሁ። ይህ እንጨቱ ለ30 ደቂቃ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ተባይ እንደጸዳ ብቻ ይነግራል፤ ስለ ሕጋዊነቱ አንዳች አይልም። ደኖችን የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት የኤፍኤስሲ (FSC) ምልክት ደግሞ ስለ ምንጭ ይናገራል፣ ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃም። የሻጩ የምስክር ወረቀት ቁጥር ደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት፤ ከዕቃው ዝርዝር አጠገብም የተረጋገጠ መሆኑ መገለጽ አለበት። ቁጥሩን በድርጅቱ ክፍት መዝገብ ፈልጉት፤ ጊዜው ያላለፈ መሆኑንና የምትገዙት የዕቃ ዓይነት በውስጡ መኖሩን እዩ። ለበር የተሰጠ ምስክር ወረቀት ይዞ ኮምፔንሳቶ የሚሸጥ አለ። በመካከል አንድ ምስክር ወረቀት የሌለው ነጋዴ ገዝቶ ከሸጠም ሰንሰለቱ እዚያ ተበጥሷል።

ጨረታ የምታወጡ ከሆነ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ሰነዱ ውስጥ ይግባ፤ ዕቃው በር ላይ ከደረሰና ሥራው ከዘገየ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው። የዛፉን ሙሉ ስም፣ ወረዳና ቀበሌውን ወይም የውጭ አገሩን፣ በሜትር ኩብ መጠኑን፣ ዋናው መሸኛ ከዕቃው ጋር እንዲቀርብ፣ የማይስማማ ከሆነም በሻጩ ወጪ እንደሚመለስ ጻፉ። ዝቅተኛ ዋጋ ሲቀርብ ከመደሰታችሁ በፊት የግንዱን ዋጋ፣ የመሰንጠቂያውን ክፍያና የመኪናውን ኪራይ ደምሩት። ድምሩ ከዋጋው የሚበልጥ ከሆነ ግንዱ አልተገዛም ማለት ነው።

በመጨረሻም ከየጭነቱ አንድ ጣውላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ አስቀሩ። በማይለቅ እስክሪብቶ የመሸኛውን ቁጥር፣ የሰሌዳውን ቁጥርና ቀኑን ጻፉበት፤ ጫፉን ልጋችሁ ፎቶ አንሡት፤ ከወረቀቱ ፎቶ ጋር በአንድ ፋይል አኑሩት። ቁራጩን ደረቅ መደርደሪያ ላይ፣ ሕንፃው የመጨረሻ ርክክብ እስኪደረግበት ድረስ አቆዩት።