የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከባድ ሰውነት ይዞ ለ10 ኪሎ ሜትር መዘጋጀት

ጥያቄ

የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። በመጪው ኅዳር በታላቁ ሩጫ ለመሳተፍ ለልጆቼ ቃል ገብቼ፣ በሚያዝያ ወር ከሰፈራችን በስተጀርባ ባለው ኮረኮንች መንገድ ላይ ልምምድ ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤቴ እንደመከረችኝ ሆዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ወፍራም ሹራብ ደርቤና ቁርስ ሳልበላ እሮጥ ነበር። ጥቂት ደቂቃ እንደሮጥኩ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የእግሬን አገዳ ያመኝ ጀመር። ባለቤቴ «አንቺ ለሩጫ አልተፈጠርሽም፣ ተይው» ይለኛል። እውነት ሰውነቴ ለሩጫ አይሆንም? ከአሁን ከግንቦት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜስ ይበቃኛል?

መልስ

ሰውነትዎ ለሩጫ ይሆናል፤ ጊዜውም ይበቃዎታል። መታረም ያለበት የጀመሩበት መንገድ ነው፤ በተለይም በመጀመሪያው ቀን መሮጥዎ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት ትንፋሻቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ ልብና ሳንባ ከሁሉም ቀድመው የሚለምዱ ናቸው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሻሻላቸው በግልጽ ይታያል። ወደ ኋላ የሚቀሩት ጅማትና አጥንት ናቸው። አጥንት አዲስ ጫና ሲያርፍበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍሉን ያፈርሳል፣ ከዚያም በምትኩ አዲስ ይሠራል፤ ይህ ዑደት ተጀምሮ እስኪያልቅ ወራት ይወስዳል፤ በመካከል ባለው ጊዜም አጥንቱ ከቀድሞው የተሻለ ሳይሆን የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ትንፋሽ ተስተካክሎ ሰውየው «አሁንማ ቻልኩት» ብሎ ፍጥነትና ርቀት በሚጨምርበት ጊዜ፣ እግሩ ገና ለዚያ አልደረሰም። አብዛኛው የጀማሪ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክብደት ያለው ሰው ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስንራመድ እግራችን ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደታችን ብዙም አይበልጥም፤ ስንሮጥ ግን አንዱ እግር ብቻውን ከሰውነት ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይቀበላል። በእርስዎ ክብደት ይህ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ190 እስከ 290 ኪሎ ገደማ ማለት ሲሆን፣ በዝግታ ሶምሶማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሸፈን ከአንድ ሺህ በላይ እርምጃ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል፣ ከመጠን በላይ ክብደትና የጉልበት ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ኪሎ ክብደት በተቀነሰ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ሦስት አራት ኪሎ እንኳን ቢቀንሱ ጉልበትዎ ወዲያውኑ የሚያውቀው ነገር ነው።

የአገዳዎን ሕመም በቅድሚያ እንለየው። ተቀምጠው የአገዳ አጥንትዎን ከውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በጣትዎ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይጫኑት። ሕመሙ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ የሚሰማና ሰውነት ሲሞቅ የሚቀልል ከሆነ፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት አካባቢ የተፈጠረ መቆጣት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሩጫውን ሁለት ሦስት ሳምንት አቁሞ ሕመም በማያስነሳ መጠን መራመድ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ሕመሙ ግን በጣት ጫፍ በምትሸፈን አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ በተራመዱ ቁጥር የሚብስ ወይም ሌሊት ተኝተውም የማይተውዎት ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አንድም ቀን አይሩጡ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተራ ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችልም ይወቁ፤ ራጁ «ምንም የለም» ቢልም ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰው ይሂዱ።

አብረውም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን ይለኩ። ክብደትዎ በኪሎ፣ ቁመትዎ በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ሲካፈል 36 ገደማ ይመጣል፤ 30ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ተብሎ ስለሚመደብ፣ ግፊትና ስኳር ምልክት ሳይሰጡ ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ። ምርመራው እንዲያስፈራዎት አልፈልግም፤ አብዛኛው ሰው «ቀጥይ» ተብሎ የሚመለስበት ነው። በልምምድ ላይ ሳሉ ግን ደረትዎን የሚጫን ወይም ወደ ግራ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ ወይም ቆመው እንኳን የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር ከገጠመዎት ወዲያውኑ አቁመው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ይጣሉት። ላብ ሰውነትን የሚያበርደው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ ፕላስቲክና ወፍራም ሹራብ ይህንን ስለሚከለክሉ ሰውነት ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ልብም ያለ ጥቅም ይደክማል። ከሩጫ በኋላ ሚዛኑ ላይ የጎደለው ኪሎ ውኃ ነው፤ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል። ስቡ ላብ ሆኖ አይወጣም። ይህ ልማድ በየሰፈሩ እንደ ጥሩ ምክር ሲተላለፍ ማየት ያሳዝነኛል፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ለከባድ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። እስከ ሰኔ መጨረሻ አይሩጡ፤ ይራመዱ። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን በደልዳላ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው በመራመድ ጀምረው ወደ 45 ደቂቃ ያሳድጉት። የሚኖሩበት ፎቅ ደግሞ ጥሩ መሣሪያ ነው፦ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው በእግር ጣቶችዎ ጫፍ መነሳትና ቀስ ብሎ መውረድ ባትንና የተረከዝን ጅማት ያጠነክራል፤ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ጭንንና ታፋን ያበረታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ሦስት ዙር ይበቃል። ጉልበት ይበልጥ የሚጎዳው ከመውጣት ይልቅ በችኮላ መውረድ ስለሆነ ደረጃውን ሲወርዱ አይጣደፉ።

ከሐምሌ ጀምሮ፣ አገዳዎ ከሕመም ነጻ ከሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ደቂቃ ሶምሶማና ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ስምንት ጊዜ ይደጋግሙት። በሦስቱ ቀናት መካከል አንድ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። ሁለት ሳምንት ያለ ሕመም ካለፈ ብቻ የሶምሶማውን ደቂቃ ይጨምሩ፤ ካመመዎት ወደ ቀደመው ይመለሱ፤ ይህን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ሶምሶማና አንድ ደቂቃ እርምጃ ላይ ከደረሱ በቂ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከሦስቱ ቀናት አንዱን፣ ለምሳሌ እሑድን፣ የረጅም መንገድ ቀን አድርገው ከ5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 8 ወይም 9 ያድርሱት። ሙሉውን 10 ኪሎ ሜትር አስቀድሞ መሸፈን አያስፈልግም።

ፍጥነትዎን በሰዓት ሳይሆን በንግግር ይለኩ። አብሮዎት ላለ ሰው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል ማለት ነው። ይህ በእኛ ከተማ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የትንፋሽዎ መቆራረጥ ሁሉ የክብደትዎ ጥፋት አይደለም። ታዋቂ አትሌቶች በእንጦጦ ዳገት ስለሚለማመዱ ብለው ወደዚያ አይቸኩሉ፤ ዳገቱ በኋላ ይመጣል።

በክረምቱ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል፤ ሆኖም በከተማው ዳርቻ ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ከውሻና ከጅብ ጋር ሊያገናኝ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ እስኪነጋ ይጠብቁ። ኮረኮንቹ ሲጨቀይ የሚያዳልጥ ይሆናል፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንም ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ በዚያ ወቅት ተሽከርካሪ የማይበዛበት የአስፋልት ዳር ይምረጡ። ደረትን አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ያስፈልግዎታል። ጭንና ጭን በሚፋተግበት ቦታ ቫዝሊን መቀባት ወይም ከውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ሱሪ መልበስ ቆዳ እንዳይላጥ ያደርጋል፤ ብዙ ሴቶች ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ አፍረው ልምምዱን ይተዋሉ።

ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር መሆኑን ያውቃሉ። ከፊት ያሉት ጥቂት አትሌቶች ለአሸናፊነት ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ያለው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ ይጨፍራል። ፈጠን ብሎ በመራመድ ብቻ እንኳን በሁለት ሰዓት ገደማ መጨረስ ይቻላል፤ እርስዎ በሶምሶማና በእርምጃ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። ኅዳር ካልሆነልዎትም በመጋቢት ገደማ የሚካሄደው የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ በክርክር ከሚረቱት ይልቅ እሑድ ጠዋት አብሮዎት እንዲራመድ ይጠይቁት። ንግግርዎን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ዕድሜዬ 47፣ ክብደቴ 104 ኪሎ ሲሆን የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። እንደ ቀደመችው እኅታችን ለ10 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በጾም ቀን መለማመድ ይቻላል? ጾም ሲሆን ክብደቴ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምረውስ ለምንድን ነው?

መልስ

በጾም ቀን ቀለል ያለ እርምጃ ማድረግ ይቻላል፤ ከባዱን ልምምድ ግን በሚበሉባቸው ቀናት ያድርጉት። ለእርስዎ የሚስማማው ሰዓት የዕለቱን ጾም ሊፈቱ አንድ ሰዓት ሲቀር ነው፤ ወዲያው ውኃና ምግብ ያገኛሉና። በፍልሰታ ሁለት ሳምንታት የያዙትን መጠን ይዘው ይቆዩ፣ ምንም አይጨምሩ። ሱሉልታ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ፍጥነትዎን የበለጠ ዝቅ ያድርጉ።

ክኒንዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አንዳንዱ ሽንት በማብዛት የሚሠራ በመሆኑ፣ በጾም ውኃ ሳይጠጡ ላብ ሲጨመርበት ማዞርና መውደቅ ያስከትላል፤ ሌላው የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርግ የልብ ምትን ቆጥሮ ድካምን መለካት ያሳስታል። ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ ፈጽሞ አያቋርጡ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢያን ደግሞ ጾምንና ሩጫን አንድ ላይ ከመሞከራቸው በፊት ሐኪማቸውን የማማከር ግዴታ አለባቸው፤ የደም ስኳር በድንገት መውረድ ሕይወት ያጠፋል።

ስለ ክብደቱ፣ ጥፋቱ የጾም ምግብ አይደለም። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽሮ ለሚለማመድ ሰው ጡንቻ የሚጠግን ምግብ ናቸው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ሲይዝ፣ አንድ ሰው በደልዳላ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ 1 ካሎሪ ያህል ነው፤ ለእርስዎ 104 ካሎሪ ይሆናል። ወጡ ላይ ተንሳፎ የሚታየውን ዘይት በማንኪያ አስልተው ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ያስቡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት የሚያስቀድሙ ከሆነም በውኃና በምስር ይተኩት። ሩጫ ብቻውን ክብደት እንደሚቀንስ ተስፋ አድርገው እንዳይጀምሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ሚዛኑ በማዕድ ላይ ይወሰናል፣ ሩጫው ልብን፣ ግፊትንና እንቅልፍን ያሻሽላል።

ጥያቄ

ከለገጣፎ የምጽፍ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ክብደቴ 91 ኪሎ ነው። የሩጫ ጫማ ዋጋው አይቀመስም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ካሸነፈ እኔስ በባዶ እግሬ ብለማመድ ምን አለበት?

መልስ

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው በዚያን ጊዜ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥን ስለለመደ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት በድጋሚ አሸንፏል። የእርስዎ እግር በጫማ ያደገና 91 ኪሎ የሚሸከም ነው፤ ባዶ እግር በባትና በተረከዝ ጅማት ላይ የሚጥለውን ጫና በአንድ ጊዜ አይችለውም።

አዲስ መግዛት ካልቻሉ ሳልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ ግን ይመርምሩት። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰጥቶ የማይመለስ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ከሆነ፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም ነጥፏል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለውን ይተዉት፤ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ በውስጡ ቀርቷል። እግር ቀኑን ሙሉ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጡበት ካልሲ ይለኩት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚያገለግል ይነገራል፤ በእርስዎ ክብደትና ያገለገለ ጫማ ሲሆን ከዚያ ባነሰ ርቀት ስለሚያልቅ፣ የገዙበትን ቀን በምላሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉበትና ለልምምድ ብቻ ያድርጉት።