የእሳት ራት ማጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ?

«የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን በር ላይ ከመዳፌ የሚሰፋ የእሳት ራት አርፎ አየሁ። የሌሊት ወፍ መስሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ግን እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ እሱ ማጥናት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ‹ይሄ እንጀራ አይሆንሽም› ይሉኛል። ልተወው?»

እህቴ፣ አትተይው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን የያዘው «እስኪነጋ ተቀመጥኩ» ያልሽው ነው። ማንም ሳያዘው አንድ ነገር ሲያይ ያደረ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ካየሽው የእሳት ራት የሚበልጡም አሉልሽ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው አትላስ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። የክንፉ ጫፍ የእባብ ራስ ይመስላል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ያለችው «ነጯ ጠንቋይ» ደግሞ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች። እስቲ ማስመሪያ አውጪና እይው!

እኔን ግን ከመጠኑ ይልቅ አኗኗሩ ነው የሚገርመኝ። አትላስ ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም። ከመጠቅለያው ሲወጣ ክንፉ እርጥብና የተጨማደደ ነው። ተንጠልጥሎ የሰውነቱን ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች ይገፋል፤ ክንፉም ቀስ እያለ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ አባጨጓሬ ሳለ ባጠራቀመው ስብ አንድ ሁለት ሳምንት ኖሮ፣ ዘር ተክቶ ያልፋል። እኛ የእሳት ራት እንለዋለን። እሱ ራሱ ራት አይበላም።

ጊዜው እንዲህ ካጠረ ወንዱ ሴቷን በጨለማ እንዴት ያገኛታል? በጠረን ነው። ላባ በሚመስለው አንቴናው ጠረኗን ከሩቅ ይለያል። የሙያሽ በር እዚህ ጋ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንትና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለውን ጠረን ከሐር ትል የእሳት ራት ለይተው ያወቁት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ20 ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ። ጥቂት ሚሊ ግራም ለማግኘት ወደ 500,000 የሚጠጉ የሐር ትል ሴቶች አስፈልገዋቸዋል። ዛሬ ገበሬዎች ተባይ የሚከታተሉበት የጠረን ወጥመድ የዚያ እውቀት ፍሬ ነው። ሰብል የሚፈጀው ተምች እኮ የእሳት ራት ልጅ ነው። ይህን ለቤተሰቦችሽ ንገሪያቸው።

አልዋሽሽም፣ «ግዙፍ የእሳት ራት አጥኚ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ጠብቀሽ አታገኚም። የሚቀጠረው የነፍሳት ባለሙያ ነው፤ በግብርና ምርምር፣ በሐር ልማት፣ በሙዚየም፣ በተፈጥሮ ጥበቃ። ስለዚህ ኢንቶሞሎጂን፣ ማለትም የነፍሳትን ጥናት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አስቢው፤ እስከዚያ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ላይ በርቺ። በተለይ ስታቲስቲክሱን። ነፍሳት የሚወዱ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሸሹት እሱን ነው፣ በኋላም የሚጎዳቸው እሱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሉና የተባለውን የእሳት ራት ረጅም ጭራ ቆርጠው ከሌሊት ወፍ ጋር አገናኙት። ጭራ የሌላቸው በጣም በዝተው ተበሉ። ጭራው ሲሽከረከር የሌሊት ወፉን የድምፅ አደን ያሳስታል ማለት ነው። ሐሳቡ የሚያምር ነው፤ ግን ቆጥረው ባያሳዩ ማን ያምናቸው ነበር?

አሁኑኑ መጀመር ትችያለሽ። ነጭ አንሶላ ስቀይ፣ መብራት አብሪበት። የመጣውን ሁሉ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሺ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጨረቃ መኖር አለመኖሯን ጻፊ። ሦስት ወር ከሞላሽ በኋላ ደብተሩን ይዘሽ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። «ፍላጎት አለኝ» ከሚል ተማሪ ይልቅ ደብተር የያዘ ተማሪ ይሰማል።

ያ ትልቁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ክንፉን አትንኪው፤ ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ይረግፋል። አይተሽ ስትጨርሺ መብራቱን አጥፊለትና የሄደበትን ሰዓት መዝግቢ።