«ጸልዬ፣ ተስዬ ልጄ ሞተብኝ፤ እግዚአብሔርን መውቀሴ ክህደት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው። የመጀመሪያ ልጄ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ ባለፈው ወር ዐረፈ። ሐኪም ቤትም ጠበልም አመላልሼዋለሁ። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ጃንጥላ ተስዬም ነበር። አልሆነም። ለቅሶ የደረሱ አንዲት ዘመዴ «እግዜር ያለ ነገር አይቀጣም፤ ራስሽን መርምሪ» አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ «አታልቅሺ፣ ፈጣሪ ይቆጣል» ይሉኛል። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከደጁ ቆሜ እመለሳለሁ። «ለምን?» ከማለት በቀር ጸሎት የለኝም። ይህ ክህደት ነው? ስለቱንስ ምን ላድርገው? አርባውም እየደረሰ ነው፤ ተበድሬም ቢሆን ተዝካር ላውጣ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የልጅሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን።

ዘመድሽ ያሉትን በልብሽ አታኑሪው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏቸዋል (ዮሐ. 9፥3)። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም አድርገው ነበር። አፋቸውን ከፍተው «ብትበድል ነው» ማለት ሲጀምሩ ግን እግዚአብሔርን አስቆጡት። በመጨረሻ ኢዮብ ነው የጸለየላቸው። ለቅሶ ቤት የምንሄድ ሁላችን ይህን ብናስብ ምን ነበረበት!

«ለምን የእኔ ልጅ?» ላልሽው፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን አንብቢው። ሄሮድስ ሐዋርያው ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ጴጥሮስን ደግሞ አሰረው፤ እርሱን ግን መልአክ መጥቶ ከወኅኒ አወጣው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አንድ ጌታ ነው። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ይልቅ አልተጠላም፤ በታቦር ተራራ አብረው ነበሩ። ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈልንም።

የራሳችንን ከተማ እይ። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። አንቺ የተሳልሽላት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ አባቶች ይተርካሉ፤ ይህን ያልሰማ የጎንደር ልጅ የለም። የተረፈችውን እናነሣለን እንጂ የነደዱትን እምብዛም አናስታውስም። በእነዚያም ታቦት ነበረ። በእነዚያም ኪዳን ይደርስ፣ ቅዳሴ ይቀደስ ነበር። «ካህናቱ እምነት ጎድሏቸው ነው የተቃጠሉት» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ታዲያ ባንቺ ላይ ለምን ይፈረዳል?

አሁን ወደ ልቅሶው እንምጣ። በእግዚአብሔር መታመን ሲባል አንጀት እያረረ «ምንም አይደል» ማለት አይደለም። አልዓዛር በሞተ ጊዜ ማርታ ጌታን መንገድ ወጥታ ተቀበለችውና «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ወቀሳ ነው እኮ! ማርያምም ይህንኑ ቃል ደገመችው። አንዳቸውንም አልገሠጻቸውም። ሊያስነሣው እያወቀ፣ እርሱ ራሱ አለቀሰ። ታዲያ አንቺን ስላለቀስሽ የሚቆጣ ማን ነው? ዳዊትም «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል፤ ይህንን እኛ ጸሎት ብለን እንደግመዋለን። ያንቺም «ለምን?» ለእርሱ እስከተነገረ ድረስ ጸሎት ነው። ክህደት አይደለም። ጳውሎስ የከለከለን ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም። ፊት መንጨትና ራስን መጉዳት ግን ይቅርብሽ።

በጽጌ ወራት እመቤታችን ልጇን አዝላ ስትሰደድ የደረሰባትን መከራ እያሰብን ሌሊቱን እንቆማለን፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ወጥተን እናነግሣለን። በዚያው በስደቷ ታሪክ ውስጥ የቤተ ልሔም እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ታርደውባቸው «መጽናናትም አልወደደችም» ተብሎ ተጽፎላቸዋል (ማቴ. 2፥18)። ወንጌላዊው አልነቀፋቸውም። እንባቸውን ከጌታ ልደት ታሪክ ጋር አኖረው። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ስለዚህ ከደጁ አትመለሺ፤ ግቢ። ቃል ካጣሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ፤ እርሱም ካቃተሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። በቅዳሴ ላይ ስላንቀላፉት ይጸለያል። ያኔ አንቺም ልጅሽም በአንድ ጸሎት ውስጥ ናችሁ።

ስለቱን በተመለከተ፣ «ካዳንክልኝ» ብለሽ ነው የተሳልሽው፤ ስለዚህ ዕዳ አለብኝ ብለሽ አትጨነቂ። ጃንጥላውን በልጅሽ መታሰቢያነት ለማስገባት ልብሽ ከወደደ መልካም ነው። ብቻ ንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ለተዝካር ግን አትበደሪ። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምልሽ። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። ድንኳን ጥሎ፣ በሬ አርዶ ጎረቤት ማብላት ግዴታ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል እያልን ስንቱ ቤት በዕዳ ተዘጋ። አርባው ሲደርስ ስመ ክርስትናውን ለካህናቱ ሰጥተሽ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለት። አቅምሽ የፈቀደውን እንጀራ ጋግረሽ በደጀ ሰላም ላሉ ነዳያን አብዪ። አምስት እንጀራም ቢሆን ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ ካለሽ ለቤተሰብሽ ንገሪ፤ ሐኪምም ይይሽ። ለልጅሽ ጠበሉንና ሕክምናውን አብረሽ እንዳደረግሽለት፣ ለራስሽም እንዲሁ አድርጊ። ንስሐ አባትሽም እሑድን ሳይጠብቁ ቤትሽ መጥተው እንዲያነጋግሩሽ በሰው ላኪባቸው።